የፈትለወርቅ ቆሎ

ጁባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ባንችይርጋ፤ ላሊበላ።

ጤናዎን እንደ ቤተ ጊዮርጊስ አለት ያጽናልዎ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእርስዎም ጸሎት ደኅና ነኝ። የጁባን ሙቀት ብቻ እስካሁን አልለመድሁትም። የሆቴሉ ሥራ እንዳለ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ የመጣውን ሁሉ በፈገግታ እቀበላለሁ፤ የአስጎብኚነት ልማዴ እዚህም አልለቀቀኝም።

ስልክ ትቼ በወረቀት የምጽፍልዎ፣ ኔትወርኩ ቢገኝ እንኳ ስልኩን ሲያነሱት ፈትለወርቅ ከጎንዎ ስለማትጠፋ ነው። ነገሩም ስለ እሷ ነው። ባለፈው እሑድ የላክሁት ጫማ ደርሷት እንደሆነ ልጠይቅ ደወልሁ። ጫማው ልክሽ ነው ወይ አልኋት። «ልኬ ነው። ሌላስ ምን ላክህ?» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቦርሳውስ መቼ ይመጣል ብላ ስልኩን ለእርስዎ ሰጠችዎ። እኔ እዚህ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ዋልሁ።

እትዬ፣ ለልጄ ሰው ነኝ ወይስ ሱቅ? እናቷ ትዝታ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለአንድ ጣሳ ውሃ እንኳ የምትመርቅ ሰው ነበረች። እኔ ደግሞ ልጅቷን ገና ድክ ድክ ስትል ለእርስዎ ትቼ ስለወጣሁ የምታውቀኝ በድምፄና በምልከው ዕቃ ብቻ ነው። ለመጪው ሳይሆን ለከርሞው ልደት አገሬ ልገባ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሻንጣዬን እንጂ እኔን የማትጠብቅ ልጅ ደጅ መቆም አስፈራኝ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም አስፈራኝ። ስለዚህ እባክዎ ማመስገን ያስተምሩልኝ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም።

እሱባለው

ላሊበላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሱባለው፤ የእናትህ የአክስት ልጅ ባንችይርጋ ነኝ፣ የረሳኸኝ እንደሆነ።

የአሸተን ማርያም ጥላዋ አይለይህ። ደብዳቤህን ነጋዴው መሐመድ ከአዲስ አበባ ከጫነው ሸቀጥ መሐል ፈልጎ አወጣልኝ፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ ደኅና ነኝ። ፈረንጅ ጠፍቶ የእጅ ሥራ ሱቄ ውስጥ እኔና ዝንቡ ተፋጠን እንውላለን እንጂ ሌላው ሁሉ ተመስገን ነው። ፈትለወርቅም አድጋለች። የታች ጥርሷ ተነቃንቆ በምላሷ ስትገፋው ትውላለች።

ስለ ጻፍህልኝ ነገር፤ ምን ጠብቀህ ነበር? አምስት ዓመቷ ነው እኮ፣ ንግግር እንድታደርግልህ ነው? በእኛ አገር ልጅ ለአባቱ «አመሰግናለሁ» አይልም። ይታዘዛል፣ ጉልበት ይስማል፣ ይመረቃል። እግዜር ይስጥልኝ ለባዳ ነው።

ግን አልዋሽህም፣ እኔም ያየሁት ነገር አለ። የሰጧትን ገልበጥ ታደርግና ዓይኗ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እሱ አላማረኝም። ነገር ግን አስበው፤ ጫማውን ያመጣላት መሐመድ ነው፣ ያጠለቅሁላት እኔ ነኝ፣ አንተ የስልክ ድምፅ ነህ። ልጅ ለድምፅ ምን ብሎ ያመስግን? ዕቃውን ቀንስና ወሬ ላክላት። ምን እንደበላህ፣ የት እንደምትተኛ፣ ማን እንዳስቆጣህ ንገራት። የቀረውን ለእኔ ተወው፤ በራሴ መንገድ አደርገዋለሁ። ብቻ አታጣድፈኝ። ያልተባዘተ ጥጥ አይፈተልም፣ ይህን ከእኔ ቤት የበላ ሰው አይረሳም።

ባንችይርጋ

ጁባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ባንችይርጋ፤ ሰላምዎ ይብዛልኝ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እርስዎ ቀስ እስኪሉ አልጠበቅሁም። ሰሞኑን ኔትወርኩ ደኅና ስለነበር፣ እርስዎ ሱቅ ሲውሉ በጎረቤትዎ በእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ስልክ እየደወልሁ እኔው ሳስተምራት ሰነበትሁ። ቀኝ እጅ ደረት ላይ፣ አንገት ሰበር፣ ፈገግታ፣ ከዚያ «ሜርሲ»። ለጣሊያን «ግራትሲዬ»፣ ለጀርመን «ዳንኬ»፣ ለጃፓን «አሪጋቶ»። አያምኑኝም፤ እኔ በአስጎብኚነት ስንት ዘመን የፈጀብኝን እሷ ባንድ ሳምንት ጨረሰችው። አሁን ስደውል ገና ሃሎ ሳልል በአራት ቋንቋ ታመሰግነኛለች። ልቤ ሞላ። ለሽልማቷ የምትናገር አሻንጉሊት ልኬላታለሁ።

እሱባለው

ላሊበላ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአራት ቋንቋው መምህር ለእሱባለው።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ፤ የምቆጣህ ከሰላምታው በኋላ ነው።

ለልደት የመጡ ጥቂት ፈረንጆች ነበሩ። ልጅህ ከቤት ሹልክ ብላ ወጥታ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ መውረጃው ላይ ትቆማለች። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሲመጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ሜርሲ» ትለዋለች። ሰውዬው ገና ምንም አልሰጣትም። ግራ ገብቶት ኪሱን ይዳብሳል፤ እሷ ደግማ «ሜርሲ»። መጨረሻ ላይ ለምሳው የያዘውን ዳቦ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጥቷት ሄደ፣ ምስኪን። ይህን ያዩ የሰፈር ልጆች በማግስቱ ተሰልፈው መንገደኛውን ሁሉ ሲያመሰግኑ ዋሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ይህች ልጅ የማን ናት ሲሉ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ። ማን አስተማረሽ ስላት «አባዬ» አለችኝ። አንተ ሰውዬ፣ ከስጦታው ቀድማ የምትሄድ ምስጋና ልመና ነው የምትባለው። አስጎብኚ ሆነህ የለመድኸውን የደንበኛ ፈገግታ ለሕፃን ታስተምራለህ? አሻንጉሊቷንም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ፤ አፏ አያርፍም።

አሁን ደግሞ ደጉን ላውራህ። የበዓሉ ዋዜማ እንደ ወጋችን ደጃፋችን ላይ ሳፋና ሙቅ ውሃ አውጥተን ከሩቅ በእግሩ የመጣውን እንግዳ እግር ስናጥብ፣ ዘንድሮ ጆጉን ለፈትለወርቅ ሰጠኋት። «ምን ይሰጡኛል?» አለችኝ። «እግራቸውን» አልኋት። አኩርፋ ቆመች። መጀመሪያ የተቀመጡት አመተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፣ ከኮን ከተማ ወዲያ ማዶ የመጡ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ልጅህ ባንድ እጇ ውሃ ታፈሳለች፣ ባንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛለች። ኋላ ጣታቸው ሥር የገባች እሾህ አየች። አፍንጫዋን ለቀቀች። ጆጉን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ እሾኋን በጥፍሯ ስታወጣ፣ አሮጊቷ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ከእሾህ ከእንቅፋት ይጠብቅሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ የወለደሽን ሰው ደስ ይበለው» ብለው መረቋት። አሜን ማለቱን አላስተማርኋትም ነበር፤ እሷው አለች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ምርቃቱ እንዳይወድቅባት እጇን አናቷ ላይ ጭና እስክትተኛ ድረስ ስትዞር አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት «የአባዬንስ እግር ማን ያጥብለታል?» አለችኝ። ስንቅ እንላክለት አለች፤ እሷው ናት ያለችው፣ እኔ የለሁበትም። ገብሱን ሰፌድ ላይ አድርጋ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመች። ሽምብራ ጨመርንበት፣ ቆላሁላት፣ ከፈተልሁት ጥጥ የተሠራች ከረጢት ውስጥ ራሷ ሞላችው። እስከ ዛሬ ለሰው ስትሰጥ ሳያት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመሐመድ እጅ ልኬልሃለሁ። ሲደርስህ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት። አደራ በሰማይ አደራ በምድር፣ ለእሷ ንገራት።

ባንችይርጋ

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሱባለው።

እንደምን ሰነበትህ፤ እኔ አኩርፌ ሰነበትሁ።

መልስ የለም። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል፣ ሰው ጠፍቶ ይሆናል እያልሁ ስንት ጊዜ ይቅር አልሁህ። ግን ለፋሲካ ደወልህ። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ጠበቀችህ። ስለ አሻንጉሊቷ ጠየቅኻት፣ ስለ ፊደል ጠየቅኻት፣ ሜርሲዋን ረስታ እንደሆነ ጠየቅኻት። ስለ ቆሎው አንድ ቃል አልወጣህም። ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ ልክ አልነበረም። ራስሽ ጠይቂው ብላት «እሱ ካልነገረኝ አልጠይቀውም» አለች። ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ አላውቅም፤ ከእናቷ ወገን ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ስልክህ ሲጮኽ ጓሮ ትገባለች፤ እኔንም በስልክ እንዳልነግርህ አስምላኛለችና ነው የምጽፍልህ። ማታ ማታ ደግሞ እኔን ትይዘኛለች። ቆሎው ጠንክሮበት ይሆን? ጠጠር አግኝቶበት ይሆን? አይወድም ይሆን? እኔ ምን ልበላት? የሚያስፈራህ ልጅህ እንዳታውቅህ ነበር። አሁን ልታውቅህ እጇን ዘርግታ አየር ጨበጠች። ማመስገን አስተምሪልኝ አልኸኝ፤ እሷ በበኩሏ ጀምራለች። አንተን ማን ያስተምርህ?

ባንችይርጋ

ጁባ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ባንችይርጋ።

ሰላም ለማለት እንኳ አፈርሁ። ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ዛሬ ደረሱኝ። ከረጢቷ ግን የመጣችው የካቲት ላይ ነው። ደሳለ የሚባል የሆቴሉ ባልደረባችን ከፈቃድ ሲመለስ «ከአገር ቤት ነው» ብሎ ወረወረልኝ፤ ደብዳቤው ለካ ከሌላ ሰው ጋር አዲስ አበባ ቀርቶ ኖሯል። ከእርስዎ መስሎኝ ዝም አልሁ። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሁት፣ የሥራ ጓደኞቼም እየተሳሳቁ ባንድ ሻይ ጨረሱት። እኔም በላሁ፣ እየበላሁም ስለ ሥራ አወራ ነበር።

የጠጠሩን ነገር እንዳነበብሁ ብድግ አልሁ። ከረጢቷ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፤ አውርጄ ገለበጥኋት። ስፌቷ ውስጥ ጭብጥ የማትሞላ ትርፍራፊ ተገኘች። ተመስገን አልሁ። ስለ ቆሎ ብዬ ከልቤ ተመስገን ስል የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ለእሷ ያንብቡላት፤

«ፈትሌ፤ ቆሎሽን በላሁት። አንድም ጠጠር አልነበረበትም። አንቺ እንደለቀምሽው ሳላውቅ ነው የበላሁት፣ ስለዚህ ሳልነግርሽ ቆየሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠጠሩን ስለለቀምሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እግሩን ማን ያጥብለታል ብለሽ ስለጠየቅሽም እግዜር ይስጥልኝ። የሚያጥበኝ የለም፤ እኔው ነኝ የምታጠበው። ትንሽ ተርፋለች። እሷን ካንቺ ጋር ካልሆነ አልበላትም። አባትሽ።»

እሱባለው

ላሊበላ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሱባለው፤ አዲሱ ዓመት የመሰብሰቢያችን ይሁንልን።

እፎይ ብያለሁ፣ አንተም እፎይ በል። ደብዳቤህ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ከርሞ ለመስቀል ደረሰ። አነበብሁላት። ድገሚው አለች፣ ደገምሁት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እስክይዘው አስደገመችኝ። ከዚያ ወጥታ ሄደች። ጆሮዬን ሳቆም ለሰፈሩ ልጆች «አንድም ጠጠር አልነበረበትም፣ አባዬ ነው ያለው» እያለች ትፎክራለች። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስሁ። ደስ ሲለኝ እንደማለቅስ ታውቀዋለህ።

አሁን ልጅህ ሰው ሲሰጣት አታገላብጥም፤ ማን ሠራው ብላ ትጠይቃለች። መሐመድ ብርቱካን ቢሰጣት «ከየት ተሸክመህ አመጣኸው?» አለችው፤ እሱ ደንግጦ ሌላ ጨመረላት። ልጅ ናትና ሌላውንም ወሰደች፣ መልአክ ሆናለች አልልህም። ኔትወርኩ ግን ከጠፋ ሰንብቷልና ስልክ እንዳትጠብቅ።

ይልቅ አንድ ነገር ቆጨኝ። «ከእርስዎ መስሎኝ ዝም አልሁ» ብለህ ጽፈሃል። ከእኔ የመጣ እንደሆነ ዝም ይባላል ማለት ነው? ይሁን፣ አለፍሁት። ግን አነበብሁት፤ ማንበቤን እወቀው።

ዋናው ጉዳይ፤ ልጄ ሰርክአዲስ ወገል ጤና ከተማ ለታኅሣሥ ትወልዳለችና ልሄድ ነው። ፈትለወርቅ ከእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ጋር ትቆያለች። የልደት እንግዶችን እግር ያለእኔ ልታጥብ ነው። ስለዚህ ና። ምንም አታምጣ። ሻንጣ ይዘህ ብትመጣ ሻንጣህን ይሁን አንተን እንደጠበቀች ዕድሜህን ሙሉ ስትጠራጠር ልትኖር ነው፤ አውቅሃለሁ። ባዶ እጅህን ና። ብትቀር እንዳታዝን ብዬ ግን እንደምትመጣ አልነገርኋትም።

ባንችይርጋ

ላሊበላ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

በወገል ጤና አራስ ለሚጠይቁት ለእትዬ ባንችይርጋ።

ሰርክአዲስን እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ልጅ መሆኑን ሰማን። ፈትለወርቅ ስሙ ማነው ትላለች።

መጣሁ እትዬ። ባዶ እጄን። ከኮን ወዲህ መኪና አያልፍም ስለተባለ ከምእመናኑ ጋር በእግሬ ነው የገባሁ፤ የሆቴል ጫማ ለላስታ ዳገት እንደማይሆን ተምሬአለሁ። ደጃፍዎ ላይ ስደርስ ሳፋው ወጥቷል። እማሆይ ዓይናቸው ስለደከመ አላወቁኝም። እኔም ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ፣ አቧራ ጠጥቼ፣ የራሴን ቤት ያህል የማውቀው ደጅ ላይ እንደ እንግዳ ቆምሁ። አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ጆግ ይዛ ወጣችና «ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥሁ።

ፊቴን አላየችም፤ ዓይኗ እግሬ ላይ ነው። ውሃው እንዳይፋጅ በክንዷ ለካች። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ነበርና እሱን ስትነካ «ያምዎታል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። አጠበችኝ፣ አደረቀችኝ፣ ከዚያ እንደ ወጉ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ጠበቀች። «ምርቃቱስ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

እጄን አናቷ ላይ አድርጌ «አሸተን ማርያም ታሳድግሽ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልሁ።

ድምፄን ያኔ ለየችው። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከኋላዬ ሻንጣ አልፈለገችም፣ እጄንም አላየችም። «ቆሎዋን አመጣሃት?» አለችኝ።

ከአንገቴ ከረጢቷን አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለታችን በለቅሶ ስንሰቀሰቅ እማሆይ ደንግጠው ይህ ሰው ታሞ ነው ወይ ይላሉ። ፈትለወርቅ ሰፌድ አምጥታ ለእማሆይ፣ ለእኔ፣ ለራሷ አከፋፈለች፤ ለእርስዎም ድርሻ አነሣች። ከርማ ድንጋይ ሆናለች፣ ግን በአፋችን እያራስን በላናት። ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። እንቅልፍ እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም።

ወደ ጁባ አልመለስም። እንግዳ እየተንጠባጠበ መምጣት ስለጀመረ እዚሁ አንድ ሆቴል ሥራ አግኝቻለሁ። ልጅቷ ውሃ ስታቀብለኝ «ተባረኪ» እላታለሁ፣ ፊደሏን ስታሳየኝ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ ነገሩ አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን እየቀለለኝ ነው።

ትናንት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እማማ ባንቺንስ እግዜር ይስጥልኝ ብለሃታል?» አለችኝ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ በሐሳቤ አገላበጥሁ። ሁሉም ያድርጉልኝ፣ ያስተምሩልኝ፣ ያንብቡላት ነው። አንድም ቦታ የለም። እርስዎ «ለባዳ ነው» ብለዋል፤ እኔ ግን ዛሬ አልታዘዝዎትም። የትዝታን ልጅ ከመሬት አንሥተው ሰው ስላደረጉልኝ፣ እኔንም ስለተቆጡኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ባንችይርጋ። ይህን ከዓመታት በፊት ማለት ነበረብኝ።

አዲስ ቆሎ ልከንልዎታል። እሷ ለቀመች፣ እኔም አገዝኋት፣ እኔ ቆላሁት፤ ትንሽ አርሯል። ከሳምንት በፊት ከደረሰዎ ተአምር ነው።

እሱባለው

ወገል ጤና፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእሱባለው እና ለፈትለወርቅ፤ የሁለታችሁን ስም ጎን ለጎን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አራሷም ሕፃኑም ደኅና ናቸው። ስሙ አዳም ነው በላት።

ለእኔ እግዜር ይስጥልኝ? ባዳ አደረግኸኝ? ብዬ ልቆጣ ብዕሬን አነሣሁ፣ አልሆነልኝም። ደብዳቤህን ሳነብ ሰርክአዲስ ማን ሞተ ብላ ከአልጋዋ ልትነሣ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው አልኋት። ይህን ነገር መስማት እፈልግ እንደነበር እስክሰማው ድረስ አላወቅሁም ነበር። ዳግመኛ ግን አትድገመው፣ አንዴ ይበቃኛል።

ቆሎውን በላሁት። አንድ ጠጠር ጥርሴን አግኝቶታል፤ እሱ ያንተ ለቀማ መሆን አለበት፣ ለእሷ እንዳትነግራት። መብላቴን ግን ንገራት። አሁኑኑ፣ ይህን ወረቀት ሳታጥፈው።

ባንችይርጋ